የሰው አካል «በጥበብ የተነደፈ» ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በክፍልም፣ ቡና ላይም፣ ከቅዳሴ መልስም ሰዎች የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«የጥበብ ንድፍ» የሚባለው ሐሳብ ምን ይላል?

የእንግሊዝኛ ስሙ «ኢንተለጀንት ዲዛይን» ነው። እኔ «የጥበብ ንድፍ» እለዋለሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በሕያዋን አካል ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች በጣም ውስብስብ ናቸው። ስለዚህ በተፈጥሮ ሂደት ብቻ ሊመጡ አይችሉም። አስቦ የሠራቸው እንዳለ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ይህ «እግዚአብሔር ዓለምን ፈጠረ» ከሚለው እምነት ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። እምነቱ ማይክሮስኮፕ ሳይኖርም ነበረ፤ ማይክሮስኮፕም አያስፈልገውም። የጥበብ ንድፍ ግን «እኔ ሳይንስ ነኝ፤ በላቦራቶሪ ማስረጃ እቆማለሁ» ይላል። ንድፍ አውጪው ማን እንደሆነ አይናገርም። ምድር ስንት ዓመቷ እንደሆነም አይናገርም። እዚህ ጽሑፍ ላይ የምመዝነው ይህን የሳይንስ ነኝ ባይነቱን ነው። ፈጣሪን ለመመዘን አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሥሩ ጥንታዊ ነው። በዘመናዊ መልኩ የሚታወቀው ግን ዊልያም ፔሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1802 ባቀረበው ምሳሌ ነው። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ድንጋይ ብታገኙ ከየት መጣ ብላችሁ አትጨነቁም። ሰዓት ብታገኙ ግን ጥርሶቹንና ሞላውን አይታችሁ «ይህን የሠራ ሰው አለ» ትላላችሁ። ዓይንም እንደዚያ ነው አለ ፔሊ። ቻርልስ ዳርዊን ራሱ በተማሪነቱ ፔሊን በአድናቆት ነበር ያነበበው።

ዛሬ የምንሰማው ክርክር የአሜሪካ ልጅ ነው። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሃይማኖታዊው የፍጥረት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ ሳይንስ እንዲሰጥ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ «ንድፍ» የሚለው ቃል ገነነ። በሲያትል ከተማ ያለው ዲስከቨሪ ኢንስቲትዩት የእንቅስቃሴው ማዕከል ሆነ። የባዮኬሚስትሪ ምሁሩ ማይክል ቢሂ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን ወደ ሴል ውስጥ አስገባው። ሂሳቡን ዊልያም ዴምብስኪ ያዘ፤ የዲ ኤን ኤውን ክርክር ደግሞ ስቲቨን ማየር።

ዝግመተ ለውጥ «ንድፈ ሐሳብ ብቻ» አይደል እንዴ?

ችግሩ ከቃሉ ነው። በሠፈር ቋንቋ «ቲዎሪ» ስንል ግምት ማለታችን ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ ማለት ብዙ ማስረጃዎችን አንድ ላይ አስሮ የሚያስረዳና ደጋግሞ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው። በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው። እጃችንን በሳሙና የምንታጠበው ግን «እስቲ ምናልባት» እያልን አይደለም።

ታዲያ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ልትለን ነው?

አይደለም፤ ሳይንሱም እንዲህ አይልም። የሚለው፣ ሰውና ዛሬ ያለው ቺምፓንዚ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። የአጎታችሁ ልጅ አባታችሁ እንዳልሆነ ሁሉ ዝንጀሮም አያታችን አይደለም። «ታዲያ ዝንጀሮ ለምን እስካሁን አለ?» የሚለው ጥያቄም እዚሁ ያበቃል።

ማስረጃው ቅሪተ አካል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፤ ቺምፓንዚ 24። የእኛን ሁለተኛ ቁጥር ክሮሞዞም ብታዩት ጫፍ ላይ መሆን የነበረበት የዘረመል ምልክት መሃሉ ላይ ይገኛል። ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው አንድ የሆኑበት ስፌት ነው።

ቅሪተ አካሉማ ደጃችን ነው። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። አንጎሏ ትንሽ ነበር፤ በሁለት እግሯ ግን ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። «ድንቅነሽ» ብለን ስም ያወጣንላት እኛው ነን። እኔ ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ» የሚለው መዝሙር ትዝ ይለኛል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማይክል ቢሂ ራሱ የጋራ ቅድመ አያት የሚለውን ይቀበላል። የሱ ሙግት «ዝምድናው አለ፤ ለውጡን ያመጣው ግን ዕውር ሂደት ብቻ አይደለም» የሚል ነው።

ዓይንን የሚያህል ነገር እንዴት ቀስ በቀስ ሊመጣ ይችላል? ግማሽ ዓይን ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈበት ዓመት አላስታውስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ የበግ ዓይን ይዤ ክፍል ገባሁ። ነጩን ሽፋን በምላጭ ከፈትነው። ዝልግልጉ ፈሳሽ ዝርግፍ አለ። ከዚያ ሌንሱ ወጣ፤ እንደ ጨሌ ድቡልቡል፣ ጣት ላይ የሚያንሸራትት። ከኋላ ያለው ንጣፍ ሰማያዊና አረንጓዴ እየሆነ ያንጸባርቃል። ተማሪዎቼ ዝም አሉ። ያን ዝምታ እወደዋለሁ። ፔሊ ያየውን ነው ያዩት።

ከዚያ አንዷ ተማሪ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናውን፣ በወረንጦ ሳበችው። እንደ እርጥብ ሶፍት እየተጨማደደ ከግድግዳው ለቀቀ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልላቀቅ አለ። ነርቮቹ ሁሉ ተሰብስበው ዓይኑን በስተው ወደ አንጎል የሚወጡበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። የእኛም እንደዚያው ነው፤ ሽቦዎቹ ከብርሃን ተቀባዮቹ ፊት ለፊት ተዘርግተው ከዚያ በቀዳዳ ወደ ኋላ ይወጣሉ። ወረቀት ላይ የመደመር ምልክት ጻፉ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኙ ምልክቱን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ወደ ፊታችሁ አምጡት። አንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ድርግም ይላል። የኦክቶፐስ ዓይን ከእኛ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ግን ሽቦዎቹ ከኋላ ስለሆኑ ይህ ጉድለት የለበትም። የንድፍ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፦ ብርሃን ተቀባዮቹ ብዙ ደም ስለሚፈልጉ ከደም ሥሩ ምንጣፍ ጎን መሆናቸው ይጠቅማል ይላሉ። እውነት አለው። በ2007 ደግሞ ሙለር የሚባሉት የሬቲና ሴሎች ብርሃኑን እንደ ቧንቧ አድርገው ወደ ውስጥ እንደሚያሳልፉ ታይቷል። እኔ ግን ይህን ሳየው ከነበረው ነገር ላይ ተነስቶ የተበጀ መላ ይመስለኛል።

ወደ «ግማሽ ዓይን» እንመለስ። ግማሽ ዓይን ዛሬም በሕይወት አለ። ብርሃንና ጨለማ ብቻ የሚለይ ጠፍጣፋ ነጥብ ያላቸው ፍጥረቶች አሉ። ጎድጎድ ያለ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ዓይን ያላቸው ትሎች አሉ። ናውቲለስ የተባለው የባሕር እንስሳ ሌንስ የሌለው፣ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ የሚያይ ዓይን አለው። ሁሉም ለባለቤቱ ይጠቅማል። ጥላ ሲያርፍበት የሚሸሽ ትል ከማይሸሸው ይተርፋል። በ1994 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ከጠፍጣፋ ነጥብ እስከ ባለ ሌንስ ዓይን ለመድረስ ስንት ትውልድ እንደሚበቃ አሰሉ። ቅርጹን ብቻ ይዘው፣ ሆነ ብለው ሂሳቡን አጥብቀው ያገኙት ከ400,000 ትውልድ በታች ነው። የአንድ ዓመት ዕድሜ ላለው ትንሽ እንስሳ በምድር ታሪክ ውስጥ ይህ ጥቂት ጊዜ ነው።

ደም መርጋትስ? አንዷ ብትጎድል ሁሉም ይበላሻል ይባላል።

ይህ የቢሂ ዋናው ክርክር ነው። የአይጥ ወጥመድን አስቡ ይላል። ሞላው ወይም መቀርቀሪያው ቢጎድል «ትንሽ አይጥ» አይዝም፤ ጭራሽ አይሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ቀስ በቀስ ሊገነባ አይችልም፤ ምክንያቱም ሳይሟላ ጥቅም የለውም።

ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላ ጣታችሁን ሲስታችሁ አስቡት። ደሙ ይፈስሳል። ጨመቅ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ይረጋል። በዚያች ጊዜ ከአሥር በላይ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እያስነሳ ተሯሩጠዋል። ቶሎ ቢረጋ ደም ሥር ውስጥ ይደፍናል፤ ካልረጋ ሰው ፈስሶ ያልቃል። ፕሮቲኖቹ «ፋክተር» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ፤ ፋክተር ስምንት የሚባለው የጎደለበት ሰው ሄሞፊሊያ፣ ደም በወጉ የማይረጋበት በሽታ፣ ይይዘዋል። እውነትም አንዷ ስትጎድል አደጋ ነው። ይህን ክርክር ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳምኖኝ ነበር፤ ልደብቅ አልፈልግም።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዝርዝሩ ነው። ፋክተር አሥራ ሁለት የጎደለበት ሰው ደሙ እንደ ሄሞፊሊያ አይፈስስም። ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች ጭራሹን የላቸውም፤ ደማቸው ግን ይረጋል። ላምፕሬይ የሚባለው መንጋጋ የሌለው ዓሣ ከእኛ ባነሱ ፋክተሮች ይሠራል። ፋክተሮቹን እርስ በርስ ስታነጻጽሯቸው ደግሞ ብዙዎቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ ምግብ ከሚፈጨው ከትሪፕሲን ጋር ዝምድና አላቸው። ጂን ሲገለበጥ አንዳንዴ ሁለት ይሆናል። አንዱ የቀድሞ ሥራውን ሲይዝ ትርፉ ለሌላ ሥራ ይውላል። ቢሂ የሚመልሰው «እኔ ያልኩት ከመጀመሪያዎቹ ፋክተሮች በኋላ ስላለው ክፍል ነው» ብሎ ነው። ይህን ማለቱ ትክክል ነው። ግን ያ ክፍልም ቢሆን የብዜት አሻራ አለበት። ዛሬ ያለ እሱ መኖር የማይቻል ነገር መጀመሪያ ሲመጣ «ቢኖር ጥሩ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞባይል ወደ ቤታችን የገባው እንደዚያ አይደል? ዛሬ ግን ያለ እሱ ሥራ አይሠራም።

ባክቴሪያ ላይ ሞተር አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ምስሉን ያየ ሰው አይረሳውም። ባክቴሪያዋ እንደ ጅራት የምታሽከረክረው ክር አላት። ሥሩ ላይ የሚዞር ዘንግ፣ የሚይዘው ቀለበትና የሚያዞረው ክፍል አለ። በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይዞራል። አቅጣጫም ይቀይራል። የንድፍ እንቅስቃሴው አርማ የሆነው በምክንያት ነው።

ነገር ግን የዚህ ሞተር ሥር ካለው ክፍል ጋር በጣም የሚመሳሰል ሌላ መሣሪያ አለ። አንዳንድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ቸነፈር የተባለውን ወረርሽኝ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ እንደ መርፌ አድርገው መርዝ ወደ ሴላችን ይወጉበታል። ብዙዎቹ የሞተሩ ክፍሎች የሉትም፤ ሥራ ግን አለው። ይህ ማለት ሞተሩ ከመርፌው መጣ ማለት አይደለም። ሁለቱ ግን ዘመዶች ናቸው። ለክርክሩ ግን ይህ ይበቃል፤ «ግማሹ ምንም አይሠራም» የሚለው አልሆነም ማለት ነው።

ዲ ኤን ኤ ጽሑፍ ከሆነ ጸሐፊ ሊኖረው አይገባም?

ከሁሉም የሚያምረው ክርክር ይሄ ነው። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሦስት ቢሊዮን ያህል «ፊደል» አለ። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው። ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች የፕሮቲን መሥሪያ ይዘዋል። መልእክት ሁልጊዜ ከአሳቢ ይመጣል፤ ስለዚህ ይህም ከአሳቢ ነው ይላሉ።

«ፊደል» የሚለው ግን እኛ ለመረዳት የሰጠነው ስም ነው። ዲ ኤን ኤ የሚሠራው በኬሚስትሪ ነው። አዲስ መረጃ ሲጨመርበትም በዓይን ታይቷል። ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በ12 ብልቃጥ ማሳደግ ጀመረ። ከ30,000 ትውልድ በኋላ በአንዱ ብልቃጥ ያሉት ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር መመገብ ቻሉ። ያ ዝርያ ከዚህ በፊት የማይችለው ነገር ነው። ቢሂ ይህን «የነበረ ጂን ማብሪያ ማጥፊያው ተቀየረ እንጂ አዲስ ማሽን አልተሠራም» ይለዋል። የሆነውም የነበረ ጂን ተባዝቶ አዲስ ማብሪያ አጠገብ መቀመጡ ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ግን በትክክል ይህንኑ ነው፤ ከነበረው ነገር አዲስ ሥራ ማውጣት።

ጽሑፉን ስናነበውም የተሰረዘ ነገር እናገኝበታለን። ውሻና ፍየል ቫይታሚን ሲን በጉበታቸው ይሠራሉ። እኛ ከብርቱካንና ከቃሪያ ካላገኘን እንታመማለን። መሥሪያው ጂን ግን በእኛም ውስጥ አለ፤ ተበላሽቶ ተቀምጧል። በቺምፓንዚም ተበላሽቷል። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው ሲመጡ መምህር ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ።

ትርፍ አንጀት በእርግጥ ትርፍ ነው?

እዚህ ላይ የንድፍ ደጋፊዎች ነጥብ ያስቆጥራሉ፤ ይገባቸዋልም። ቋንቋችን ራሱ «ትርፍ» ብሎ ፈርዶበታል። ለረጅም ጊዜ መማሪያ መጻሕፍትም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ነገር ግን ትርፍ አንጀት በሽታን የሚከላከል ኅብረ ሕዋስ ሞልቶበታል። በ2007 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚሸሸጉበት ጎተራ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። ከባድ ተቅማጥ አንጀትን ካጠበ በኋላ ከዚያ ወጥተው እንደገና ይራባሉ ማለት ነው።

የእኔ ከወጣ ቆይቷል፤ ደህና ነኝ። ስለዚህ ጥቅም አለው ማለት ያለ እሱ አይኖርም ማለት አይደለም። ደግሞም በዝግመተ ለውጥ «ቅሪት የአካል ክፍል» ሲባል የጥንት ሥራውን ያጣ ማለት እንጂ ፈጽሞ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ይህን ግን ብዙ መምህራን አጣመን ነው ያስተማርነው። እኔም ጭምር።

በጥበብ ከተነደፍን ለምን ትን ይለናል? ምጥስ ለምን ይህን ያህል ከበደ?

የምግቡና የአየሩ መንገድ ጉሮሯችን ላይ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ትን ይለናል፤ በዚህ የሚሞትም አለ። ወደ ድምፅ ሳጥናችን የሚሄደው የግራ ነርቭ ከአንጎል ወርዶ አጠገቡ ከመግባት ይልቅ ደረት ድረስ ይወርዳል። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ሥር ዞሮ እንደገና ሽቅብ ይመለሳል። በቀጭኔ ይህ ዙሪያ ጥምጥም ከአራት ሜትር ይበልጣል። አንገት በሌላቸው የዓሣ ቅድመ አያቶች ግን መንገዱ አቋራጭ ነበር። ልብ ወደ ታች ሲወርድ ነርቩ ተጎተተ።

ምጥን በሚመለከት ቀለል አድርጌ መጻፍ አልችልም። ቀጥ ብሎ መራመድ ዳሌን በአንድ ልክ ይይዘዋል። ትልቅ አንጎል ደግሞ የሕፃኑን ጭንቅላት ያተልቀዋል። ሁለቱ የሚገናኙት በጠባቡ የዳሌ መንገድ ላይ ነው። ሕፃኑ ማለፍ ሲያቅተውና በጊዜው ሐኪም ሳይደርስ ሲቀር እናት ለቀናት ታምጣለች። ከዚያ የሚመጣው ፊስቱላ፣ ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ነው። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእነዚህ እናቶች ነው።

የንድፍ ደጋፊዎች «ጉድለት ያለበት ንድፍም ንድፍ ነው፤ የምትነዱት መኪና ስለተበላሸ መሐንዲስ አልነበረውም አትሉም» ይላሉ። እንደ አመክንዮ ትክክል ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ጥሩው ሲታይ «ንድፍ»፣ መጥፎው ሲታይም «ንድፍ» ከተባለ ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችል ምንም ነገር የለም። ሊፈተን የማይችል ነገር ደግሞ ሳይንስ ሊሆን አይችልም። እንደ አማኝ ሌላም ይከብደኛል። የዚያችን እናት ጠባብ ዳሌ በቀጥታ የፈጣሪ የእጅ ሥራ ስህተት አድርጌ መናገር አልፈልግም።

ትንንሽ ለውጥ እሺ፤ ትልቅ ለውጥን ግን ማን አየ?

ትንንሹን ሁሉም ይቀበላል። ምሳሌው ቤታችን አለ። በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መረመረ። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢናቸው፣ መጠንና በደማቸው ያለው ኦክስጅን ቆላ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የቲቤቶቹ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው። ለአንድ ችግር በሦስት አገር ሦስት መላ።

ቢሂ በ2007 «ዝግመተ ለውጥ ድንበር አለው» ሲል ወባን ምሳሌ አደረገ። ክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለመቋቋም የወባ ተውሳክ ቢያንስ ሁለት ለውጥ ያስፈልገዋል። ሁለቱ በአንድ ላይ የመምጣታቸው ዕድል እጅግ አናሳ ነው አለ። ሁለት ለውጥ ያስፈልጋል ማለቱ በኋላ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ያልሄደው «በአንድ ላይ» የሚለው ነው። ለውጦቹ አንድ በአንድ፣ በተለያየ ቅደም ተከተል ሊመጡ ይችላሉ፤ ታይቷልም። ትልቁ ለውጥ የትንንሾቹ ድምር ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ አይታይም። ማስረጃው በቅሪተ አካልና በዘረመል ላይ የቀረው አሻራ ነው። ሌባ ሲሰርቅ ያላየ ዳኛም በአሻራ ይፈርዳል።

ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶታል ይባላል። ምን ወሰነ?

በ2004 በፔንሲልቬንያ ግዛት የዶቨር ትምህርት ቤቶች ቦርድ የባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ጥበብ ንድፍ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲነበብላቸው ወሰነ። 11 ወላጆች ከሰሱ። ዳኛው ጆን ጆንስ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተሾሙ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙዎች ለቦርዱ ይፈርዳሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ቢሂ ራሱ መጥቶ መሰከረ። ዳኛው ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 በ139 ገጽ ውሳኔ የጥበብ ንድፍ ሳይንስ አይደለም አሉ።

ለእኔ ከባዱ ማስረጃ ሳይንሱ አልነበረም። ለተማሪዎች የተመረጠው መጽሐፍ የቀድሞ ረቂቆች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከ1987ቱ ፍርድ በፊት «የፍጥረት አማኞች» ይል የነበረው ቦታ ከፍርዱ በኋላ «የንድፍ ደጋፊዎች» ተብሎ ተተክቷል። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ቃላት ተደበላልቀው ቀርተው ነበር። ይህ አሳዝኖኛል። ፈጣሪን አምናለሁ የሚል ሰው ስሙን ቀይሮ በጓሮ በር መግባት አያስፈልገውም። ዳኛው ግን «ንድፍ አውጪ የለም» አላሉም። ሐሳቡ እውነት ይሁን አይሁን ፍርድ ቤቱ አቋም አይወስድም ብለው ነው የጻፉት።

ዝግመተ ለውጥን ተቀብሎ አማኝ መሆን ይቻላል?

እኔ አለሁ። ከእኔ የሚበልጡም አሉ። የሰው ልጅን ሙሉ ዘረመል ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን ናቸው፤ የጥበብ ንድፍን ግን አይቀበሉም። በዶቨር ችሎት በቦርዱ ላይ የመሰከረው የባዮሎጂ ምሁር ኬኔት ሚለር ካቶሊክ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከዘረመል ሊቃውንት ስሙ የሚጠራው ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ነበር።

ሥነ ፍጥረትን ቃል በቃል የሚቀበሉ አባቶችና እናቶች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ። እነሱ የሚነግሩኝ ማን እንደፈጠረንና ለምን እንደሆነ ነው። እኔ በማይክሮስኮፕ የማየው እንዴት እንደሆነ ነው። ሁለቱ አንዳንድ ቦታ ይጋጫሉ፤ አይጋጩም ብዬ አልዋሽም። የስድስቱን ቀን ነገርና የአዳምን ነገር እኔም እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው።

የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት ተገኘ? ይህንንስ ሳይንስ መለሰ?

አልመለሰም። የንድፍ ደጋፊዎች ጠንካራ ቦታም ይሄ ነው። የተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም የሚጠቅመው ለውጥ እየተረፈ መባዛቱ፣ ሥራ የሚጀምረው ራሱን የሚያባዛ ነገር ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትስ? ቁርጥራጭ መልሶች አሉ። በ1953 ስታንሊ ሚለር ቀላል ጋዞችን በብልቃጥ አድርጎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲመታቸው አሚኖ አሲድ፣ የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ፣ አገኘ። በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀ የሰማይ ድንጋይ ውስጥም አሚኖ አሲድ ተገኝቷል። የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነው አር ኤን ኤ መረጃ መያዝ ብቻ ሳይሆን እንደ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን እንደሚያፋጥን ፕሮቲን) ሥራ መሥራትም እንደሚችል በመታወቁ ሁለት ሰዎች በ1989 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚህ እስከ ሕያው ሴል ድረስ ግን ገና ሩቅ ነው።

ታዲያ እዚያ ክፍተት ላይ «ፈጣሪ» ብለን ለምን አንጽፍም? እኔ የምፈራው ነገር አለ። ክፍተቱ ነገ ቢሞላስ? እምነቱን እዚያ ላይ ያሠረ ወጣት አብሮ ይወድቃል። እንዲህ የሆኑ ተማሪዎች አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለ ደም መርጋት አንድ ጥናት አነበቡና «የተነገረን ሁሉ ውሸት ነበር» ብለው ሁሉንም ጣሉ። የጣሉት አንድ ደካማ ክርክር መሆን ነበረበት።

ልጄ «ሰው የተፈጠረ ነው ወይስ በዝግመተ ለውጥ የመጣ?» ብትለኝ ምን ልበላት?

መጀመሪያ «ጥሩ ጠየቅሽ» በሏት። በጩኸት አታስቁሟት። ፈተና ላይ የሚመጣውን በትክክል ትማረው፤ የተረዳውን የሚጽፍ ሰው ያመነበትን እየካደ አይደለም። የምታምኑትንም ሳታፍሩ ንገሯት፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ። «ወይስ» የሚለው ቃል ትክክል ይሁን አይሁን እሷው ታስብበት።

ከዚያ በሚቀጥለው በዓል በግ ሲታረድ አንዱን ዓይን ለሷ አስቀምጡላት። ሳህን፣ አዲስ ምላጭና ወረንጦ ስጧት፤ ምላጩን እናንተ ያዙላት። ሌንሱን አውጥታ ጋዜጣ ላይ ታስቀምጠውና በሱ በኩል ፊደሎቹን ትያቸው። ሬቲናውንም ቀስ ብላ ትሳበው፤ የማይላቀቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ለምን እንደሆነ እሷ ራሷ ትጠይቃችኋለች።